ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች፣ ክብደት ለመቀነስ ሆዳቸውን በኦፕራሲዮን ስለተሠሩ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው መደጋገሙን ቀንሻለሁ፤ ቀልዱን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እየተቆላ ነው፤ ጭሱ እኔንም እየጠራኝ ነው። አቦሉ ሳይቀዳ ልጀምርና ቢቻል ቶናው ላይ ልጨርስ።

ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ኢንዶስኮፒ ክፍል፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ሆድ የሚታይበት ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪሙ ቱቦውን ይይዛል፤ እኔ ታካሚውን እይዛለሁ። መሣሪያ አቀብላለሁ፣ ትንፋሽና የልብ ምት እከታተላለሁ። ዓይኔ ግን እንደ ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ እዚያ ስክሪን ላይ የሚታየውን ነው። መድኃኒት አላዝም፤ የየራሳችሁን ጉዳይ ከየሐኪማችሁ ጋር ጨርሱ።

ክብደት ለመቀነስ ብለው ሆዳቸውን የተሠሩ ወገኖቻችን አሉ። እዚሁ አሜሪካ የተሠራ አለ። ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ሄዶ የተሠራም አለ። አንዳንዱ ለእህቱ እንኳ አልተናገረም። «በጾሙ ነው የከሳሁት» ይላል። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ። ኢንዶስኮፒ አልጋ ላይ ተኝቶ ሐኪሙንም ሲደብቅ ግን ያገባኛል።

አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። አርባዎቹ ውስጥ ናት። ከእምብርቷ በላይ ያማታል፤ አንዳንዴ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል። ፎርሙ ላይ «ከዚህ በፊት ምን ኦፕራሲዮን ተደርጎልዎታል?» ለሚለው «ሆድ» ብላ ጽፋለች። «የሆድ ምን?» አልኳት። «ቀነሱልኝ» አለች። «ስሊቭ ነው ባይፓስ?» ብላት (ሁለቱ የኦፕራሲዮኑ ዓይነቶች ናቸው፣ ልዩነቱን ቆይቼ አሳያችኋለሁ)፣ «እኔ እንጃ እህቴ፣ ተኝቼ ነበር» አለችኝ። ተሳሳቅን። የኦፕራሲዮኑ ወረቀትስ? ሻንጣ ስትቀይር ጠፍቷል።

ሐኪሙ ስሊቭ ይሆናል ብሎ ገባ። የምግብ ቧንቧውን አልፎ ጥቂት ሴንቲሜትር እንደሄደ ጨጓራው አለቀ። ከፊቱ መንታ መንገድ መጣ፤ አንዱ ቀዳዳ ወዲያው የሚዘጋ፣ ሌላው ወደ አንጀት የሚወርድ። ባይፓስ ነው። ጨጓራና አንጀቱ የተሰፉበት መገጣጠሚያ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ቁስል ተቀምጧል። ከቁስሉ መሀል አንዲት የብረት ስፌት ብልጭ ትላለች።

እሷ ዕድለኛ ናት፣ ቁስሉ ተገኘ። ግን ሐኪሙ የት እንዳለ ለማወቅ ብቻ ብዙ ደቂቃ ጠፋ። ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው ደቂቃው ውድ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን በእጄ ላሳያችሁ። ሲጠግብ ከ1 ሊትር በላይ የሚይዝ ከረጢት አስቡ፤ ጨጓራችሁ እሱ ነው። ስሊቭ ሲሠራ የዚህ ከረጢት ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ በቁመቱ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። መንገዱ ግን አልተቀየረም። ምግብ በገባበት በር ገብቶ በድሮው በር ይወጣል።

ባይፓስ ሌላ ነው። ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ኪስ ትለያለች። 30 ሚሊ ሊትር ማለት ይቺ የያዝኳት ስኒ ግማሽ ነው። ከዚያ ትንሹ አንጀት ተቆርጦ ወደ ላይ ይሳብና እዚያች ኪስ ላይ ይሰፋል። ትልቁ ጨጓራ አይወጣም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም! እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ አሲዱንም ያመርታል፣ ምግብ ግን አያልፍበትም። ከእሱ የሚወጣው ጭማቂ ከሐሞቱ ጋር ሆኖ ታች ወርዶ ከምግቡ ጋር ይገናኛል። በአንድ መገጣጠሚያ ብቻ የሚሠራ ሚኒ ባይፓስ የሚባልም አለ። ድሮ ደግሞ ጨጓራን በቀለበት ማሰር ነበር፤ ያ ቀለበት አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ የጨጓራውን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስክሪኑ ላይም ቁጭ ብሎ ይታያል።

ባይፓስን የጀመረው ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ነው፣ በ1966። ለቁስለት ብለው ጨጓራቸው የተቆረጠላቸው ሰዎች እንደሚከሱ ታይቶ ነበር፤ ሐሳቡ ከዚያ መጣ። ኢንዶስኮፒው ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀድማል። በ1868 ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ይዞ ሰው ፈለገ። ማን ይዋጥለት? ሰይፍ የሚውጥ የትርኢት ሰው አገኘ። መብራቱ ደካማ ስለነበር ብዙም አላየም። ዛሬ የምንጠቀምበት ይተጣጠፋል፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሰይፍ ዋጭ መሆን አይጠበቅባችሁም።

አሁን ወደ አገራችን አመል ልምጣ። እኛ ከደረት በታች የሚያም ነገር ሁሉ «ጨጓራ ነው» እንላለን። ጎረቤት ኦሜፕራዞል የሚባለውን የአሲድ መቀነሻ ታውሳለች፣ እናት ተልባ ትበጠብጣለች። ላልተሠራ ሰው ምናልባት ያልፍለታል። ሆዱን ለተሠራ ሰው ግን «ጨጓራ ነው» የሚባለው ጨጓራ የት እንዳለ እንኳ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያቺ ሴት የነበራት የመገጣጠሚያ ቁስል ነው። ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን አለው። ወደ ላይ ተስቦ የተሰፋው አንጀት ግን አሲድ አለመደም። ስለዚህ ልክ ከስፌቱ አለፍ ብሎ ይቆስላል። የሚያባብሱት ነገሮች ይታወቃሉ። ሲጋራ አለ። የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው ኤች ፓይሎሪ አለ፤ ይሄ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እኔ የምናደድበት የሕመም ማስታገሻው ነው፤ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰን፣ ዳይክሎፌናክ።

ለምን እንደምናደድ ልንገራችሁ። ከባድ ክብደት የነበረው ሰው ጉልበቱን ያመዋል። ለዓመታት የኖረው በእነዚህ ክኒኖች ነው። ኦፕራሲዮኑን ይሠራል፣ 40 ኪሎ ይቀንሳል፣ ክኒኑ ግን ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ነው። «አድቪል እኮ መድኃኒት አይደለም» ይሉኛል፤ አድቪል ያው አይቡፕሮፌን ነው። ነው እንጂ! ባይፓስ የተሠራችሁ ሰዎች ለሕመም ታይለኖል፣ ማለትም ፓራሲታሞል ነው የሚመከረው። ለልብ ተብሎ አስፕሪን የታዘዘላችሁ ግን ከእኔ ሰምታችሁ እንዳታቆሙ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ኪሷ ትንሽ ስለሆነች ካፕሱል ሳይሟሟ ሊያልፍ ስለሚችል፣ አንዳንድ ሐኪሞች የአሲድ መቀነሻውን ካፕሱል ከፍታችሁ ውሰዱት ይላሉ። ያም ሲነገራችሁ ነው።

ቁስሉ ሲደማ ሰገራ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። የብረት ክኒን የሚወስድም ሰው ሰገራው ይጠቁራል፤ ስለዚህ አትደንግጡ፣ ዝምም አትበሉ። ማዞርና ድካም ከተጨመረበት ወይም ደም ካስመለሳችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ታሪኬ ስለ ጉርሻ ነው።

አንድ ወጣት ባይፓስ ከተሠራ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። ሠርግ ተጠራ። ፈሳሽና ለስላሳ ምግብ ላይ ነበር የቆየው። ሠርግ ላይ ግን እንዴት ይሆናል? አክስቱ አንድ ጉርሻ ጥብስ አጎረሰችው። «አንድ ያጣላል» ተባለና ሁለተኛው ተከተለ። ልጁ ለአክስቱ ኦፕራሲዮኑን አልነገራትም። ወጥቶ አስመለሰ። በማግስቱ ውኃም አልወርድ አለው። ኋላ ሲጠየቅ ችግሩ ከሠርጉ በፊትም ጀምሮት ነበር፤ ሾርባ ወፈር ሲል ይተናነቀው ነበር።

ቱቦው ሲገባ ኪሷ ውስጥ ያ ጥብስ ተቀምጧል። እንዳለ ነው፣ የበርበሬው ቀለም ሳይቀር። በመረብ ያዝነውና ወጣ። ከሥሩ መገጣጠሚያው ታየ። ጤነኛ ቢሆን ቱቦው ያልፍበታል። የእሱ ግን የእስክሪብቶ ጫፍ የምታስገባ ነጥብ ሆኗል። ስፌቱ ሲድን ጠባሳው ተኮማትሯል። ይህ ጥበት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ የእኔ ሥራ ይጀምራል። የተጠቀለለች ፊኛ በቱቦው ውስጥ ታልፋለች። ሐኪሙ ጥበቱ መሀል ያስቀምጣታል። ፊኛዋን በውኃ የምሞላው እኔ ነኝ። እጄ ላይ የግፊት ሰዓት ያለው ትልቅ መርፌ አለ። ቀስ ብዬ እጠመዝዛለሁ፣ «10 ሚሊ ሜትር» እላለሁ። አንድ ደቂቃ እንቆያለን። «12»። ስክሪኑ ላይ በግልጽዋ ፊኛ ውስጥ ጠባሳው ሲለጠጥና ትንሽ ሲደማ ይታያል። ያን ቀን እዚያ ላይ አቆምን። በአንድ ቀን ብዙ መክፈት አንጀት ሊቀድ ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ 15 ላይ ደረስን። ልጁ ከዚያ በኋላ ሽሮውን በሰላም በላ።

ለአክስቶች የምለው አለኝ። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሰውየው «በቃኝ» ካለ በቃው። ስሙት።

ደግሞ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለቀናት እያስመለሰ ያለ ሰው ቤት አይተኛ። ቫይታሚን ቢ1 በፍጥነት ያልቅበታል። ዓይኑ ሁለት ሁለት ማየት ከጀመረ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ነገር ከዘበራረቀ፣ ጉዳቱ አንጎል ላይ እየደረሰ ነው። ሆስፒታል ስትወስዱት «ባይፓስ ተሠርቷል፣ ለቀናት ሲያስመልስ ነበር» በሉ። ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቢ1 እንዲሰጡት ይህ ቃል ይጠቅማቸዋል።

ስሊቭ የተሠራችሁ ደግሞ የራሳችሁ ጣጣ አላችሁ፣ ቃር። ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ግፊት ስለሚበዛ አሲዱ ወደ ላይ ይረጫል። አንዳንዱ ሦስት ትራስ ደርቦ ይተኛል። አሲዱ ለዓመታት የምግብ ቧንቧውን ታች ካጠበው፣ እዚያ ያለው ፈዛዛ ሽፋን እንደ ሳልሞን ዓሣ ሥጋ ይቀላል። ባሬት ይባላል። ወደ ካንሰር የመሄድ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። የሚያስቸግረው፣ ምንም ቃር የሌለው ሰው ላይም ይገኛል። ለዚህ ነው ኢፍሶ የተባለው ዓለም አቀፍ የውፍረት ቀዶ ሕክምና ፌዴሬሽን በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ ስሊቭ ወይም ሚኒ ባይፓስ የተሠራ ሰው ባያመውም በ1 ዓመቱ፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ ኢንዶስኮፒ ይታይ ያለው። ሁሉም አገር፣ ሁሉም ሐኪም እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ «የእኔ መቼ ነው?» ብላችሁ መጠየቁ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስፌቱ ሳይገጥም ቀርቶ ስለ መፍሰሱ አላረዝምም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግር ነው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሆድና ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ይኖራል። ድሮ እንደገና ሆድ መክፈት ነበር። አሁን ብዙ ጊዜ በኢንዶስኮፒ ጫፏ የተጠቀለለ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ቀዳዳው ላይ ይቀመጥና መግሉ ወደ ጨጓራው ውስጥ ይፈስሳል። ይድናል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ባይፓስ ወደ ተሠራላቸው ልመለስ። ያ የቀረው ትልቁ ጨጓራ፣ ተራው ቱቦ አይደርስበትም። እዚያ ውስጥ ቁስል ወይም ሌላ ነገር ቢኖር በቀላሉ አይታይም። ለዚህ ነው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኢንዶስኮፒ ተሠርቶ ኤች ፓይሎሪ ካለ መታከም ያለበት። ኋላ በሩ ይዘጋል። እዚህ ውስጥ ገና ልሠራ ነው የሚል ካለ ይህችን ይያዝ።

ሐሞትም አለ። ሰው በፍጥነት ሲከሳ የሐሞት ጠጠር ይፈጠራል። ጠጠሩ ወርዶ ቧንቧውን ከዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ለሌላው ሰው ሐኪሙ በአፍ ገብቶ ጠጠሩን ይጠርጋል። ባይፓስ ለተሠራ ሰው ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ አንጀቱን ይዞ እስከ ታችኛው መጋጠሚያ ይወርድና በሌላው የአንጀት ቅርንጫፍ ተመልሶ ይወጣል። ተራ ቱቦ አይበቃም። ወይ ረጅም ልዩ መሣሪያ ይመጣል፣ ወይ ቀዶ ሐኪም በትንሽ ቀዳዳ ቱቦውን ወደ ድሮው ጨጓራ ያስገባዋል፣ ወይ በአልትራሳውንድ እየታየ ከትንሿ ኪስ ወደ ትልቁ ጨጓራ ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ይሠራል። ሁሉም ሆስፒታል ይህን አይሠራም። ባይፓስ መሆኑን አስቀድሞ ያላወቀ ክፍል ደግሞ ታካሚውን አስተኝቶ፣ ቱቦውን አስገብቶ፣ መንገድ አጥቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ እኛ ጋ ደርሷል። ሰውየው ሁለተኛ ማደንዘዣ ወሰደ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ፎርሙን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ካሜራው ጨርሶ አያየውም። ባይፓስ በተሠራ ሰው ሆድ ውስጥ አንጀት ሊሾልክበት የሚችል ክፍተት ይፈጠራል። ሰውየው ከከሳ በኋላ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ አንጀቱ እዚያ ሾልኮ ሊጠመዘዝ ይችላል። የሚቆርጥ፣ የሚመላለስ፣ አንዳንዴ ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም ነው። ለዚህ የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሲቲ ስካንና ቀዶ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፣ ያውም በዚያው ቀን። «ባለፈው ወር ኢንዶስኮፒ ታይቼ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ማለት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ስለ ዝግጅቱ ትንሽ። «ጾመው ይምጡ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ባለፈው ከአንዲት እናት ጋር ተግባብተን አልተግባባንም። «ጾመዋል?» አልኳቸው። «እንዴታ! ሽሮ ብቻ ነው የቀመስኩት» አሉኝ። የእኛ ጾም ሌላ፣ የኢንዶስኮፒ ጾም ሌላ ነው። ምንም አይበላም። ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚሠራላችሁ ክፍል ይነግራችኋል። ጠዋት ላይ ለሆድ ብላችሁ ተልባ እንዳትጠጡ፤ ካሜራው ላይ ጭጋግ ሆኖ ይጠብቀናል። ክብደት ተመልሶባችሁ ኦዜምፒክ ወይም ዌጎቪ የጀመራችሁ ካላችሁ ተናገሩ። እነዚህ መርፌዎች ሆድ ምግብ እንዲያቆይ ያደርጋሉ፤ ማደንዘዣ ላይ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም እንዲሁ፣ ለብቻችሁ አታቁሙ፣ ግን ንገሩን። መኪና የሚነዳላችሁ ሰው ይዛችሁ ኑ።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። አንዲት እህት «ናሙና ሲቆረጥ ያማል?» አለች። አያምም። የሆድ ውስጠኛው ሽፋን ሲቆነጠጥ አይሰማውም። መቆንጠጫውን የምከፍትና የምዘጋ እኔ ነኝ፤ የሩዝ ፍሬ የማታክል ቁራጭ ነው የምትወጣው። ሌላዋ «ክብደቴ ተመለሰ፣ ኢንዶስኮፒ ይመልስልኛል ወይ?» አለች። ባይፓስ ከሆነና መገጣጠሚያው ሰፍቶ ከተገኘ በአፍ ገብቶ በስፌት የሚያጠብ ሕክምና አለ። ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም፤ አመጋገቡም አብሮ ይታያል።

መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የእኔ ወረቀት በቱርክኛ ነው። ምን ይረባል?» አሉኝ። ይረባል አልኳቸው። የኦፕራሲዮኑ ስም በብዙ ቋንቋ ይመሳሰላል፣ ቀኑና መጠኑ በቁጥር ነው፣ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ አላቸው። ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡት፣ ለአንድ የቤተሰብ ሰውም ላኩት። የጠፋባችሁ ለሠራችሁ ሆስፒታል ጽፋችሁ የኦፕራሲዮን ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጠይቁ። የመውጫ ወረቀቱ አይበቃም፤ ሪፖርቱን ነው የምትሉት።

ጋሼ ደስ አላቸው። «እኔማ ይዤዋለሁ» ብለው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። አራት ቦታ ታጥፏል። መነጽሬን አድርጌ አብረን ዘረጋነው። ከላይ ትልቅ አርማ፣ ከሥሩ ቀን፣ ከዚያ የአምስት ሌሊት ሒሳብ፣ ቁርስን ጨምሮ።

የሆቴሉ ደረሰኝ ነበር። ማክሰኞ እኔ ጋ መጥተው አብረን ለሆስፒታሉ ልንጽፍ ተቀጣጠርን። ቡናውም ቶናው ላይ ደርሶ ነበር።